አዲሱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ጉዱ አሮጌውን መልቀቅ ላይ ነው

የ3 ዓመት ልጅ አጠገባችሁ ካለ ይህን ሞክሩ። ሁለት ሳጥን አዘጋጁ። አንዱ ላይ ሰማያዊ ጥንቸል፣ ሌላው ላይ ቀይ ጀልባ ሳሉ። ከዚያ ቀይ ጥንቸልና ሰማያዊ ጀልባ የተሳሉባቸው ካርዶች ስጡት። «በቀለም እንጫወት፤ ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ጋር ይገባል» በሉት። ልጁ ብዙም ሳይቸገር ይለያቸዋል። አምስት ስድስት ካርድ ካስገባ በኋላ ጨዋታውን ቀይሩ። «አሁን በቀለም መጫወት ቀርቷል። በቅርጽ ነው። ጥንቸል ከጥንቸል፣ ጀልባ ከጀልባ።»

አንድ ቀይ ጥንቸል ስጡት። አብዛኞቹ የ3 ዓመት ልጆች ካርዱን ይዘው በቀጥታ ወደ ቀዩ ጀልባ ይሄዳሉ።

ረስቶት ነው ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ጠይቁት። «በቅርጽ ስንጫወት ጥንቸሎች የት ነው የሚገቡት?» በጣቱ ትክክለኛውን ሳጥን ያሳያችኋል። «ጎበዝ! በል ይህን ጥንቸል አስገባ» ስትሉት ግን ተመልሶ ወደ ቀዩ ጀልባ። ሕጉን ያውቀዋል። እጁ ገና አልሰማም።

ሙከራውን ያዘጋጁት የልጆችን አእምሮ እድገት የሚያጠናው ፊሊፕ ዜላዞና ባልደረቦቹ ናቸው። ልጁ 5 ዓመት ገደማ ሲሞላው ያው ጨዋታ ቀላል ይሆንለታል። ሲቀየር እሱም ይቀይራል።

«እኔ አዋቂ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል ካለ ትንሽ ይቆየኝ። በቅርቡ የቆሻሻ መጣያዬን ከጥግ አንስቼ በር ጀርባ አደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ግን ባዶ ወለል ላይ ቆሻሻ ስጥል ከረምኩ።

አሮጌውን ትቶ ወደ አዲሱ የመዞርን ችሎታ ባለሙያዎች «ኮግኒቲቭ ፍሌክሲቢሊቲ» ይሉታል። «የአስተሳሰብ ተለዋዋጭነት» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ፤ ለእኔ ግን አይጥመኝም። ሰውን «ተለዋዋጭ» ካልነው ሰደብነው ማለት ነው። ጠዋት ያለውን ማታ የሚክድ ሰው ይመስላል። ስለዚህ «የአእምሮ ተጣጣፊነት» ልበለው። ሁኔታው ሲቀየር የምናስብበትን መንገድ አብሮ መቀየር መቻል ነው። ያልሠራን ዘዴ ትቶ ሌላ መሞከር፣ አንድን ነገር ከሌላ ጎን ማየት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው መዞር፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ብቻውንም አይሠራም። ሁለት አጋዦች አሉት። አንደኛው መረጃን ለጥቂት ጊዜ በአእምሮ ይዞ መቆየት ነው፤ አዲሱ ሕግ ምን ነበር የሚለውን። ሁለተኛው ራስን መግታት ነው፤ የለመደ እጅ ቀድሞ እንዳይሄድ መያዝ። የ3 ዓመቱ ልጅ የጎደለው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

አዋቂዎችን ለመፈተን የሚያገለግል ተመሳሳይ የካርድ ፈተናም አለ። በ1948 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ግራንትና ኤስታ በርግ ናቸው ያወጡት። ተፈታኙ ካርዶችን በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በብዛት መመደብ አለበት። በየትኛው እንደሆነ ግን አይነገረውም። የሚነገረው «ትክክል» ወይም «ስህተት» ብቻ ነው። እየሞከረ ሕጉን ያገኘዋል። በተከታታይ 10 ጊዜ ትክክል ሲሆን ፈታኙ ምንም ሳይናገር ሕጉን ይቀይርበታል። አሁን ድንገት «ስህተት» ይባላል። ጤነኛ ሰው ለአፍታ ግራ ይጋባና ሌላ መንገድ ይሞክራል።

በ1963 ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሞንትሪያል ሳይንቲስት ይህንኑ ፈተና አንጎላቸው ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሕሙማን ሰጠች። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ የሚባለው፣ የተነካባቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ሕግ ያገኛሉ። ሕጉ ሲቀየር ግን ሙጭጭ ይላሉ። «ስህተት» ቢባሉም በዚያው በቀለም ይቀጥላሉ። እንደገና «ስህተት»። እንደገና በቀለም። «ብትበርም ፍየል ናት» ያለው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል? እሱ በክርክር እልህ ተይዞ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እልህ የለባቸውም። የሚያላቅቃቸው መሣሪያ ነው የተጎዳው።

ይህ ሥራ የዚያ አንድ ክፍል ብቻ አይደለም። ልማድን ከሚያከማቹት የአንጎል የውስጥ ክፍሎችና ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካልም ጋር የተያያዘ ነው። ዶፓሚን የሚቀንስባቸው የፓርኪንሰን ሕሙማን ከእንቅስቃሴ ችግር በተጨማሪ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ መዞር ሊከብዳቸው የሚችለው ለዚህ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው «ድርቅ አለ» ከማለታችን በፊት ይህን ማወቁ አይከፋም።

ጤነኛ አንጎልም ቢሆን መቀያየሩን በነጻ አያደርገውም። አርተር ጀርሲልድ በ1927 እንዳሳየው፣ ሁለት ሥራ እያፈራረቀ የሚሠራ ሰው አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከሚጀምር ሰው ይዘገያል። በ1995 ሮጀርስና ሞንሴል ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። መቀየሪያው ጊዜ ቀድሞ ቢታወቅም፣ ለመዘጋጃ ጊዜ ቢሰጥም፣ የተወሰነ መዘግየት ይቀራል። ከሰከንድ በታች ናት። ግን በየደቂቃው ስልክና ሥራ እያፈራረቀ ለሚውል ሰው ትጠራቀማለች። «ሁለት ነገር በአንዴ እሠራለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ቶሎ እየተቀያየረ ነው እንጂ ሁለቱንም በአንዴ እየሠራ አይደለም።

አሁን እናንተን ልፈትን። ሦስት እንስራ አላችሁ እንበል። አንዱ 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 ሊትር ይይዛል። በትክክል 100 ሊትር ውሃ ለዩልኝ።

ትልቁን ሙሉ። ከእሱ ላይ 21ዱን አንዴ፣ 3ቱን ሁለት ጊዜ ቀንሱ። 100 ቀረ። አብርሃም ሉቺንስ የተባለ የሥነ ልቦና ሰው በ1942 ባሳተመው ሥራ ሰዎችን በዚህ ዓይነት ጥያቄ አለማመዳቸው። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ ዘዴው ግን ያው ነው። ከዚያ ይህን ጣል አደረገባቸው፦ 23፣ 49 እና 3 አላችሁ፣ 20 አምጡ። የለመዱት ሰዎች አሁንም ከ49 ላይ 23 ይቀንሳሉ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 3። ይሠራል። ግን 23 ሲቀነስ 3 እኮ 20 ነው! አብዛኞቹ አላዩትም። ልምምዱን ያልወሰደ ሰው በአንድ እይታ ነው የሚያየው።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። 28፣ 76 እና 3 ይዛችሁ 25 አምጡ። የለመዱት ዘዴ እዚህ አይሠራም። 28 ሲቀነስ 3 ብቻ ነው መልሱ። ብዙዎቹ ግን ተቀርቅረው ቀሩ። ሉቺንስ አንዳንዶቹን ወረቀታቸው ላይ «አትታወር» ብለው እንዲጽፉ አደረጋቸው። የነቁ ነበሩ። ጽፈውም የታወሩ ነበሩ።

ይህ ሙከራ ለእኔ ከሁሉም በላይ ይገርመኛል። ችግሩ ድንቁርና አይደለም። ያሳወራቸው የተማሩት ነገር ነው፤ ያውም ደጋግሞ የሠራላቸው ነገር። ልማድ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ጫማችንን ባሰርን ቁጥር ብናስብ ቀኑ አይበቃንም። ግን የለመድነው መንገድ ብቻውን ያለ ይመስለናል።

ቼዝ ተጫዋቾች ላይም ይኸው ታይቷል። ቢላሊችና ሁለት ባልደረቦቹ በ2008 ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች አንድ ጨዋታ አቀረቡላቸው። በሁሉም ዘንድ የሚታወቅ ማሸነፊያ ነበረው። ሌላ ያጠረ ማሸነፊያም ነበረው። ተጫዋቾቹ የታወቀውን ቶሎ አገኙ። «ያጠረ ፈልጉ» ሲባሉ ፈልገን አጣን አሉ። ተመራማሪዎቹ ግን የዓይናቸውን እንቅስቃሴ በካሜራ ይከታተሉ ነበር። አፋቸው «ሌላ እየፈለግን ነው» ሲል ዓይናቸው የመጀመሪያው መልስ ወዳለባቸው ካሬዎች ይመለስ ነበር። ውሸት አልነበረም፣ የእውነት የሚፈልጉ መስሏቸው ነው። የታወቀው መልስ ከሰሌዳው ሲወገድ ያጠረውን አገኙት። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ደረጃቸው እጅግ ከፍ ያሉ ተጫዋቾች በዚህ ወጥመድ እምብዛም አይያዙም። እውቀት ጥቂት ሲሆን ያስራል፣ በጣም ሲበዛ ደግሞ ይፈታል መሰለኝ።

የቼዝ ስህተት የሚያስከፍለው ጨዋታ ነው። አንዳንዴ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፣ እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 5 ቀን 1949፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ማን ገልች በሚባል ሸለቆ የሰደድ እሳት ታየ። በፓራሹት የወረዱ እሳት አጥፊዎች ወደ ሸለቆው ሲገቡ እሳቱ ተሻግሮ መንገዳቸውን ዘጋ። አቀበቱን ወደ ላይ መሮጥ ጀመሩ። የቡድኑ አለቃ ዋግነር ዶጅ መሣሪያችሁን ጣሉ አላቸው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ቆመ። ክብሪት ለኮሰና ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለ። ሣሩ ተቃጥሎ ሲያልቅ አመዱ ላይ ተጋደመና ሌሎቹንም ኑ ብሎ ጠራቸው። ትልቁ እሳት ደርሶ የሚበላው ሲያጣ በዙሪያው አለፈ።

ማንም አልተከተለውም። 13 ሰዎች ሞቱ። ከዶጅ ሌላ በሕይወት የወጡት በድንጋይ ስንጥቅ በኩል አምልጠው ጫፉን የተሻገሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው።

በእነሱ መፍረድ አይቻልም። ይህ ዘዴ አልተማሩትም። ሥራቸው እሳት ማጥፋት ነው፤ እሳት የሚለኩስ አለቃ ሲያዩ አበደ ቢሉ አያስገርምም። ዶጅም ራሱ ያንን አልሠለጠነም። ለእሱ እሳት በዚያች ደቂቃ ጠላት ብቻ ሳይሆን ሣር የሚያስወግድ መሣሪያም ሆኖ ታየው። ያ ነው ልዩነቱ።

እንግዲህ ልጅና አዋቂ የሚለያዩበትን እንየው። አሊሰን ጎፕኒክና ባልደረቦቿ የሚያበራ ማሽን ለልጆችም ለአዋቂዎችም ሰጡ። አንዳንድ ዕቃ ሲቀመጥበት ይበራል። ማሽኑ የሚበራው ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ሲቀርብ፣ 4 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች ቶሎ ይቀበሉታል። አዋቂዎች ግን «አንዱ ዕቃ ነው የሚያበራው» የሚለውን ሙጥኝ ይላሉ። በሕይወታቸው ያዩት ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ እንደዚያ ነዋ።

ታዲያ ልጅ ተጣጣፊ ነው ወይስ ግትር? ሁለቱንም ነው። ልጅ አዲስ ሐሳብ መቀበል አይከብደውም፤ የጀመረውን ድርጊት ማቆም ነው የሚያቅተው። አዋቂ ደግሞ ማቆም ይችላል፤ መቆም እንዳለበት ማየት ነው የሚሳነው። ለልጅ የሚያስፈልገው እገዛ ፍሬን ነው፣ ለአዋቂ መስኮት። ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ስለሚሄድ የፍሬኑ ጉዳይ በጊዜ ይስተካከላል። መስኮቱ ግን በራሱ አይከፈትም።

ተጣጣፊነት ለስሜትም ይጠቅማል። «ስሜትህን አውጣው» የሚሉ አሉ፤ «ዋጥ አድርገው» የሚሉም አሉ። ጆርጅ ቦናኖና ባልደረቦቹ ከሴፕቴምበር 11ዱ የ2001 ጥቃት በኋላ የኒውዮርክ የኮሌጅ ተማሪዎችን አጥንተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ የተገኙት ስሜታቸውን ሁልጊዜ የሚያወጡት አልነበሩም፤ ሁልጊዜ የሚያፍኑትም አልነበሩም። እንደ አስፈላጊነቱ ሁለቱንም ማድረግ የሚችሉት ነበሩ። በድብርት የሚሰቃይ ሰው ላይ የሚታየው አንዱ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ያው ሐሳብ ይመላለሳል፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ጸጸት። «እርሳው በቃ» የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው። መርሳት ቢችል ኖሮ መች ታመመ?

ጭንቀት ደግሞ የተጣጣፊነት ጠላት ነው። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ለሳምንታት ጭንቀት ውስጥ የቆዩ አይጦችን ተከታትሏል። አይጦቹ ምግብ ለማግኘት ዘንግ መጫን ተምረው ነበር። ከዚያ እስኪጠግቡ ተመገቡ። ያልተጨነቁት አይጦች መጫኑን ቀነሱ፤ ጠግበዋላ። የተጨነቁት ግን ቀጠሉ። የማይፈልጉትን ምግብ ለማግኘት ይጫናሉ። ለከባድ ፈተና ለወራት ሲዘጋጁ የቆዩ ተማሪዎች ላይም ተመሳሳይ ዝንባሌ ታይቷል። ደግነቱ ፈተናው አልፎ ሲያርፉ ተመልሷል። እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የተማረውን ሊያስታውስ ይችላል፤ ነገሩ ሲገለበጥ ግን አብሮ መገልበጥ ያቅተዋል። ከባድ ውሳኔ ያለበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብበት ካደረ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያንኑ የትናንቱን መልስ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ምን ይሆናል? ፍጥነት ይቀንሳል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሁለት ሥራ በአንዴ በአእምሮ ይዞ መጠበቅ በተለይ ይከብዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የመዞሩ ቅጽበት ራሱ ግን ከሚጠበቀው ያነሰ ነው የሚጎዳው። በ1956 የተጀመረው የሲያትል የረጅም ጊዜ ጥናት ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ በጎልማሳነታቸው ተጣጣፊ ባሕርይ የነበራቸው ሰዎች በእርጅና አእምሯቸው ያን ያህል አለመድከሙ ነው። ባሕርዩ ነው የጠበቃቸው ወይስ ጤነኛ አንጎል ነው ባሕርዩን የሰጣቸው? ከዚህ ዓይነት ጥናት ይህን መለየት ያስቸግራል።

በሙከራ የተደገፈ ነገር ለሚፈልግ በ1999 አርተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አለ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 የሆኑ፣ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 124 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ6 ወር በእግር ተጓዙ፤ ግማሾቹ ሰውነት ማፍታቻ ሠሩ። ተጓዦቹ ከሥራ ወደ ሥራ በመዞርና ራስን በመግታት ፈተናዎች ተሻሉ። እግር ነው የሠራው፣ አእምሮ ነው የተጠቀመው።

በአንጻሩ በስልክ የሚሸጡ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታዎች ላይ ገንዘባችሁን ባታፈሱ ይሻላል። ሰው የተጫወተውን ጨዋታ ይጎብዛል። ከዚያ ወጥቶ በሌላው ሕይወቱ የተሻለ ተጣጣፊ እንደሚሆን የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። ሁለት ቋንቋ መናገር አእምሮን ያጣጥፋል የሚለውም በአንድ ወቅት በጣም ተወርቶ ነበር። በኋላ ሰፋፊ ጥናቶች ሲደረጉ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ አልታይ ብሏል። ቋንቋ ለመማር ሌላ በቂ ምክንያት አለ።

አንድ ነገር ግን ላስይዝ። ሁሌ መታጠፍም ጤና አይደለም። በእያንዳንዱ ድምፅ ሐሳቡ የሚዞር ሰው ተጣጣፊ ሳይሆን ተበታታኝ ነው። አንጎል ሁለት ነገር ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ይዞ መቆየትና መልቀቅ። ሒሳብ እየሠራችሁ የጎረቤት ወሬ ካልሰማችሁ ጎበዝ ናችሁ። እሳት ተነሳ ሲባልም ካልሰማችሁ ግን ችግር አለ።

እኔ በበኩሌ የያዝኳት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። አንድ ነገር ላይ እርግጠኛ ስሆን «ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ አሁን ምን አይ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ፣ ያ ማለት ትክክል ነኝ ማለት አይደለም። ዓይኔ እንደ ቼዝ ተጫዋቾቹ አንድ ካሬ ላይ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ነገሩን ለማያውቀው ሰው እነግረዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ የጅል ጥያቄ ነው የሚያነቃኝ።

ለልጆችም የሚሠራ አንድ ቀላል ነገር አለ። ወደዚያ የ3 ዓመት ልጅ እንመለስ። በ2003 የወጣ ጥናት ጨዋታው ላይ ጥቂት ነገር ብቻ ቀየረ። ሕጉ ከተቀየረ በኋላ ካርዱ ሲሰጠው ፈታኙ ስሙን ከመናገር ይልቅ ልጁን ጠየቀው፦ «ይህ ምንድን ነው?»

ልጁ ካርዱን አየው። ቀይ ነው። ግን የተጠየቀው ስለ ቀለሙ አይደለም።

«ጥንቸል!»

ከዚያ ብዙዎቹ ልጆች ካርዱን ወደ ሰማያዊው ጥንቸል ወሰዱት።